«ካፒታሌን በሥርዓት ነው የምይዘው»



ባለፈው ዒድ አል-ፊጥር ሰሞን የታላቅ እህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፣ መጥቶ ነበር። አገሩን ካየ ሰባት ዓመት ስለሆነው ቤቱ በዘመድ ተጨናንቆ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ማታ እንግዳው ሲበተን እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። ከቦርሳው አንድ ወፍራም ደብተር አወጣና «አጎቴ፣ እናቴን በሚቀጥለው ዓመት ሐጅ ልልካት ነው። ፓስፖርቷን አውጥተናል፤ ገንዘቡም ተዘጋጅቷል። ለማንኛውም ግን ይህን እርስዎ ይዩልኝ» አለኝ።

ደብተሩ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ንጹሕ ነው። ቀን፣ መግቢያ፣ ያገኘው ደረጃ፣ የተቀበለው፣ ቀሪ ሒሳብ የሚሉ ዓምዶች አሉት። የንግድ ሒሳብ መስሎኝ «ማሻአላህ፣ ምን ጀመርክ?» ብዬ ጠየቅሁት። የፖከር ውድድር ነው አለኝ፤ የካርታ ጨዋታ። በሜሪላንድ ባለ አንድ ካዚኖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይወዳደራል። ፊቴ ሲለወጥ አይቶ ቶሎ ብሎ ቀጠለ፦ «እኔ ቁማርተኛ አይደለሁም አጎቴ። ቁማርተኛ ገንዘቡን አያውቅም፤ የቤት ኪራዩን ይዞ ይገባል፣ ሲበላ ለማስመለስ ይበደራል። እኔ ግን ካፒታሌን በሥርዓት ነው የምይዘው።»

በዚያች ሌሊት መልስ አልሰጠሁትም። ቁጣ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ውሸታም አይደለም፣ ሰካራምም አይደለም፣ ሰላቱንም አይተውም። የያዘውን ነገር ከሥሩ ሳላውቅ ብናገረው ሽማግሌ ስለማያውቀው ነገር ቆጣ ብሎ አለፈ ከማለት ሌላ የሚያተርፈው አልነበረም። ስለዚህ ደብተሩን ተውልኝ አልኩትና የጨዋታውን አሠራር ራሳቸው ተጫዋቾቹ ከሚሉት ለመረዳት ሞከርኩ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው። ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ብቻ ሳትሆኑ በከተሞቻችን በተስፋፋው የስፖርት ውርርድ ልጆቻችሁ የተነኩ ወላጆችም ነገሩ የራሳችሁ መሆኑን ታዩታላችሁ ብዬ አስባለሁ፤ «በመቶኛ ከፋፍዬ ነው የምመድበው» የሚለው ቋንቋ አንድ ነውና።

የደብተሩ ሒሳብ

በፖከር ውድድር እያንዳንዱ ሰው እኩል መግቢያ ይከፍላል፤ በምትኩ እኩል ቁጥር ያለው የመጫወቻ ጠጠር ይሰጠዋል። ጠጠሩ ያለቀበት ይወጣል፤ በመጨረሻ ሁሉንም የሰበሰበው አንደኛ ይሆናል። እንበል 100 ሰዎች 120 ዶላር ቢከፍሉ፣ ከእያንዳንዱ 20 ዶላሩ ለቤቱ ይቀራል፤ 100 ዶላሩ ለሽልማት ይጠራቀማል። 12,000 ዶላር ገብቶ 10,000 ይከፋፈላል ማለት ነው። ተከፋዮቹም ጥቂት ናቸው፤ ከመቶው 15ቱ ያህል ብቻ። አንደኛው ከሽልማቱ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ የመጨረሻዎቹ ተከፋዮች ከመግቢያቸው ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ያገኛሉ። 85ቱ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

እንግዲህ ጎበዝ የሚባለው ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚሸነፍ ነው። አሥራ አምስት፣ ሃያ ጊዜ ተከታትሎ ምንም ሳያገኝ ሊወጣ ይችላል። «ባንክሮል» የሚሉት ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ባንክሮል ማለት ለጨዋታው ብቻ ተለይቶ የተቀመጠ፣ ከቤት ወጪ ጋር የማይቀላቀል ገንዘብ ነው። ደንቡም ለአንድ ውድድር ከዚህ ገንዘብ እጅግ ትንሽ ክፍል ብቻ እንዲከፈል ያዛል። አንዳንዶች ከመቶ ሁለት ይላሉ፤ ጥንቁቆቹ ከመቶ አንድ፤ ማለትም የመቶ ውድድር መግቢያ ሳትይዝ አትጀምር። ገንዘቡ ሲቀንስ ወደ ርካሽ ውድድር መውረድ፣ ሲጨምር ቀስ ብሎ መውጣት። የእህቴ ልጅ ከደመወዙ ባጠራቀመው 3,000 ዶላር ጀምሮ በ60 ዶላር መግቢያ ተነሣ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ 14,200 አደረሰው። ደንቡን አንድም ቀን አላፈረሰም።

እውነቱን ለመናገር አደነቅሁት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በብዙ ነጋዴዎቻችን ዘንድ የለም። ደግሞም አስፈሪ የሆነብኝ ይኸው ነው፤ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የልጆቹን ዳቦ የሚያስበላውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፣ ቁጠባ መስሎ የመጣውን ግን ማን ይጠረጥረዋል?

ደብተሩን እኔም በማስመሪያና በእርሳስ ተከታተልኩት። ውድድሩ 212 ነው፤ ገንዘብ ያገኘባቸው 34። ከጠቅላላው የ11,200 ዶላር ትርፍ ውስጥ 8,900ው የመጣው በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ ውድድር ነው። ያን ሌሊት ብናወጣው በቀሩት 211 ውድድሮች ያተረፈው 2,300 ዶላር ብቻ ይሆናል። አንድ ውድድር በአማካይ ስድስት ሰዓት እንደሚፈጅበት ራሱ ነግሮኛል። ከ1,200 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ያን ትልቁን ሌሊት ጨምረን እንኳ ብናካፍለው ለሰዓት ዘጠኝ ዶላር አይሞላም፤ በቨርጂኒያ ደግሞ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከ12 ዶላር አላነሰም። የሁለት ዓመት ድካም ያረፈው በአንዲት ምሽት ላይ በወጡ ካርታዎች ላይ ነው።

ይህ የእሱ ዕድል ብቻ አይደለም። ሽልማቱ በጥቂቶች ላይ የተከመረ በመሆኑ መቶ ውድድር፣ ሁለት መቶ ውድድር ችሎታን ከዕድል ለመለየት በቂ አይሆንም። ብልጫ ያለው ሰው ከመቶ ውድድር በኋላ ከስሮ መገኘቱ፣ ብልጫ የሌለውም አትርፎ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ የትኛው እንደሆነ ደብተሩ አይነግረውም።

ተጫዋቾቹ የሚመኩበት አንድ የሒሳብ ቀመር አለ። ጆን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ገንዘብ በየጊዜው ሲያድግና ሲቀንስ በአንድ ጊዜ ምን ያህሉን ማስያዝ እንደሚገባ ያሰላል። ብዙ ብልጫ ላለው ብዙ፣ ትንሽ ላለው ትንሽ ይፈቅዳል። ብልጫ ለሌለው ሰው ግን የሚሰጠው መልስ ዜሮ ነው፤ አትግባ! 12,000 ገብቶ 10,000 በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ መካከለኛው ተጫዋች ብልጫ ሊኖረው እንደማይችል ደግሞ ሒሳብ የማያውቅም ያየዋል። የገንዘብ አያያዙ ሳይንስ በትክክል ቢተገበር አብዛኛውን ተጫዋች ከበሩ ላይ ይመልሰው ነበር።

«እንደ ዕቁብ ይቁጠሩት»

በማግስቱ ስንነጋገር «አጎቴ፣ እንደ ዕቁብ ይቁጠሩት፤ ሁሉም ያዋጣል፣ አንዱ ይወስዳል» አለኝ። ይህን ሲል እናቱ ከጓዳ ሆና ቡና ትቆላ ነበር። እሷ አባቱ ከሞተ በኋላ አራት ልጆች ያሳደገችው በዕቁብ ነው።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ አስረዳሁት። ሃያ ሰው በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥል ዛሬ ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል፤ ግን ቀሪዎቹን ሳምንታት ሁሉ እየከፈለ ይዘልቃል። የመጨረሻውም ሰው ያዋጣትን ሳትጎድል ያገኛታል። ዕጣው የሚለየው ተራን ነው፤ የማን ገንዘብ ለማን እንደሚሆን አይለይም። በፖከር ግን 85ቱ ያዋጡት አይመለስላቸውም። የአንደኛው ሽልማት ከሌሎቹ ኪስ የወጣ ነው፤ በልዋጩ እህል አልተሸጠላቸውም፣ ልብስ አልተሰፋላቸውም፣ ሥራ አልተሠራላቸውም። ንግድ ውስጥ ሁለቱም ወገን ረክቶ ሊሄድ ይችላል፤ እዚህ አንዱ የሚረካው ሌላው ሲከፋ ብቻ ነው።

«ችሎታ ነው እኮ» አለ። ችሎታ አለበት፣ አልካድኩትም። ሸሪዓችን ግን ገንዘብ በውድድር ሲያዝ የሚጠይቀው ስለ ችሎታ ብቻ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በፈረስ፣ በግመልና በቀስት ውድድር ላይ ሽልማትን ፈቅደዋል፤ ሁሉም ችሎታና ልምምድ የሚጠይቁ ናቸው። ሆኖም በእነዚህ እንኳ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ገንዘብ አስይዘው አሸናፊው የሚወስድ ከሆነ ብዙኃኑ ዑለማእ አልፈቀዱም፤ ምንም ያላስያዘ ሌላ ተወዳዳሪ እንዲገባበት ጠይቀዋል። ሽልማቱን ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ የሆነ ሰው ቢሰጥ ግን ችግር የለበትም። በተፈቀደው ነገር ላይ እንዲህ ከተጠነቀቁ በካርታ ላይ ምን ሊሉ ነው?

ሁለት የታወቁ ሰዎች

በላስ ቬጋስ የሚካሄደው ታላቁ የፖከር ውድድር የተጀመረው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። የዋናው ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የማጣሪያ ውድድር ገብቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ ዓለም ጉድ አለ። በዚያ ዓመት 839 የነበረው የተሳታፊ ቁጥር በ2006 እ.ኤ.አ. 8,773 ደረሰ። ሁሉም የ86 ዶላሩን ሰው አይቶ ነው የመጣው። የእህቴ ልጅም ይህን ታሪክ በቃሉ ያውቃል። እኔ ግን ሌሎች ሁለት ሰዎችን አነሣሁለት።

አንደኛው ስቱ አንገር ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. የተወለደ ኒውዮርካዊ ነበር። ታላቁን ውድድር በ1980ና በ1981 አሸነፈ፤ ከእሱ የበለጠ ተሰጥኦ ያለው ተጫዋች አልታየም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ያገኘውን በፈረስና በስፖርት ውርርድ፣ በአደንዛዥ ዕፅም ጨረሰው። በ1997 ተመልሶ ሲመጣ የመግቢያውን 10,000 ዶላር የከፈለለት ሌላ ሰው ነበር። የልጁን ፎቶግራፍ ከፊቱ አድርጎ ተጫወተና ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ አንድ ሚሊዮን ዶላር! ግማሹ ለከፈለለት ሰው ሄደ። በወራት ውስጥ የቀረውም አለቀ። በኅዳር 1998 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ በአንድ ርካሽ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ሞቶ ሲገኝ ዕድሜው 45፣ ኪሱ ውስጥ የነበረው 800 ዶላር ያህል ነበር። ለቀብሩ ወዳጆቹ አዋጡ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ። «እሱ ገንዘብ አያያዝ ስለማያውቅ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህም ሁለተኛውን ነገርኩት።

ክሪስ ፈርጉሰን የተማረ ሰው ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪውን አግኝቶ በ2000 ታላቁን ውድድር አሸነፈ። በገንዘብ አያያዝ ከእሱ የበለጠ መምህር አልነበረም። ከዜሮ ተነሥቶ፣ መግቢያ በማይጠየቅባቸው ውድድሮች ጀምሮ፣ ለአንድ ውድድር ከያዘው ከመቶ ሁለት በላይ ሳይከፍል፣ በመደበኛው ጨዋታም ከመቶ አምስት ሳያልፍ፣ 10,000 ዶላር አደረሰ። የእህቴ ልጅ ደንቡን የወሰደው ከዚህ ሰው ነው።

ፈርጉሰን ይህን ያሳየው ፉል ቲልት ፖከር በተባለ የኢንተርኔት ድርጅት ላይ ነው፤ የድርጅቱም ባለድርሻና የቦርድ አባል ነበር። በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት በድርጅቱና በሌሎች ላይ ክስ መሠረተ። በመስከረም የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ዝርዝር እንደሚለው ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ ለተጫዋቾች 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መመለስ ሲኖርበት በባንክ የነበረው 60 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ተጫዋቾች በአደራ ያስቀመጡት ገንዘብ ለባለድርሻዎች ተከፋፍሏል ነው ክሱ። ፈርጉሰን ጥፋተኝነቱን ሳያምን በ2013 ጉዳዩን በስምምነት ጨረሰ። በአሜሪካ ያሉት ተጫዋቾች ገንዘባቸው መመለስ የጀመረላቸው፣ ሌላ ድርጅት ከገዛው በኋላ፣ በ2014 ነው።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት ገንዘባቸው የታገደባቸው ሰዎች ውስጥ ደንቡን አክብረው፣ ከመቶ ሁለት ሳያልፉ ያጠራቀሙ ስንት ይሆኑ? ደንቡ ከጠረጴዛው ጋር ስላለው ዕድል ይናገራል። ጠረጴዛው የማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

የአረቦቹ ቀስት

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ በ219ኛው አንቀጽ ስለ አስካሪ መጠጥና ስለ መይሲር ሲናገር ለሰዎች ጥቅም እንዳላቸው አልካደም፤ ኃጢአታቸው ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ነው የገለጸው። በኋላም በሱረቱል ማኢዳ በ90ኛውና በ91ኛው አንቀጾች ጨርሶ እንዲርቁት አዘዘ፤ ጠላትነትን እንደሚያስነሣ፣ ከአላህ ማውሳትና ከሰላት እንደሚያግድ ምክንያቱን ጠቅሶ።

ጥቅሙ ምን ነበር? የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የጃሂሊያ አረቦች ግመል በዱቤ ገዝተው ያርዱና አሥር ቀስቶች ይዘው ዕጣ ያወጡ ነበር። ሰባቱ ቀስቶች ድርሻ አላቸው፤ የመጀመሪያው አንድ፣ የመጨረሻው ሰባት። ሦስቱ ባዶ ናቸው። ባዶ የወጣለት ሰው ሥጋ ሳይደርሰው የግመሉን ዋጋ ይከፍላል። ያሸነፉት ደግሞ ሥጋውን ብዙ ጊዜ ራሳቸው አይበሉትም፤ በችግር ዘመን ለድኾች ያድሉትና በዚህ ይኮሩ ነበር። ቁማሩ ለጋስነት ነበረ!

ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባዶ ቀስትና ባለድርሻ ቀስት፣ ከጥቂቶች በቀር ሌላው የሚከፍልበት አከፋፈል፣ ከዚያም በተገኘው መልካም ሥራ መሥራት። የእህቴ ልጅ እናቱን ሐጅ ሊልክ መፈለጉ ከልቡ ነው። የእነዚያም ለድኻ ማብላት ከልባቸው ነበር። ቁርኣን የተናገረው ይህን በጎ ሐሳብ ሳይቀር አይቶ ነው።

ስለ ሰላትም ጠየቅሁት። በየሁለት ሰዓቱ ዕረፍት እንዳለ፣ በመኪና ማቆሚያው ውስጥ እንደሚሰግድ ነገረኝ። «ጁሙዓስ?» አልኩት። ዝም አለ።

ሐጁስ?

ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። በሐራም ገንዘብ የተደረገ ሐጅ በሐነፊ፣ በማሊኪና በሻፊዒ መዝሀቦች ግዴታውን ያወርዳል፤ ሰውየው ግን ኃጢአተኛ ነው፣ ተቀባይነት ያለው ሐጅም አይሆንለትም። በሐንበሊዎች ዘንድ የታወቀው አቋም ደግሞ ሐጁ ራሱ አይበቃም የሚል ነው። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ጥሩ የሆነውን እንጂ እንደማይቀበል ተናግረው፣ ረጅም መንገድ የተጓዘ፣ አቧራ የለበሰ፣ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ የሚለምን ሰው አውስተዋል፤ ምግቡ ሐራም፣ ልብሱ ሐራም ስለሆነ ዱዓው እንዴት ተቀባይነት ያገኛል ሲሉ። እህቴ ምንም ሳታውቅ በዚያ ገንዘብ ብትሄድ ኃጢአቱ የእሷ አይደለም። እሱ ግን ያውቃል። እኔም አሁን አውቃለሁ።

በሌላ በኩል ሐጅ ግዴታ የሚሆነው አቅም ባለው ላይ ብቻ ነው። እህቴ አቅም ከሌላት የምትጠየቅበት ነገር የለም፤ ልጇም ሊልካት አልተገደደም። ይህን ስነግረው ትከሻው ቀለል ሲለው አየሁት። ለካ እንደ ዕዳ ተሸክሞት ኖሯል።

«ታዲያ ገንዘቡን ምን ላድርገው?» አለኝ። ዑለማእ የሚሉትን ነገርኩት፤ ተውባ አድርጎ መተው፣ የተበላባቸውን ሰዎች ማግኘት ስለማይቻል ቁማር ያስገኘውን ያህል አውጥቶ ለድኾች ወይም ለሕዝብ ጥቅም መስጠት፤ የሰደቃ አጅር አስቦ ሳይሆን ከእጁ ለማውጣት። ዝርዝሩን ለሚያምነው ዓሊም እንዲያቀርብ መከርኩት። ምን ያህሉ ነው እንዳይል ደብተሩ አለ። ሌላው ቁማርተኛ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የእሱ ግን እስከ መጨረሻዋ ዶላር ተጽፏል። 3,000ው ከደመወዝ፣ 11,200ው ከጠረጴዛው።

ሳይመልስልኝ ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ ደወለ። ወደ ካዚኖው ከሄደ አምስት ሳምንት ሆኖታል። በደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ከፍቶ «መግቢያ» ይል በነበረው ዓምድ ላይ «ከደመወዝ» ብሎ ጽፎበታል። 3,000 ዶላሩ ላይ ሁለት ጊዜ 150 ጨምሯል። 11,200ው ግን ያኔ ከባንክ አልወጣም ነበር፤ «ይከብዳል አጎቴ፣ ሁለት ዓመት ነው» አለኝ። እህቴ አሁንም ምንም አታውቅም። ፓስፖርቷን በፌስታል ጠቅልላ መስገጃዋ ካለበት ሣጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።